በምስክር የጸና ጋብቻ

ማንያህልሻል ከሥራ ሁሉ በኋላ እጇን ደጋግማ በሳሙና ትፈትጋለች፤ ይህንም የለመደችው የሻምበል ባሻ ወንድይፍራውን እግር ስታጥብ ነው። ጡረተኛው ወታደር በጦር ሜዳ የቆሰለው ግራ እግሩ ሳይሽር፣ እንደመገለ ኖረ፤ እርሷም ለመጠለያዋና ለእህሏ ስትል፣ ከቁስሉ ጋር የተጣበቀውን ጨርቅ ስትፈታና ስትጠቀልል፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ አስታመመችው። አንድ ቀን፣ «አግቢኝ፤ ስሞት ጡረታዬ ለአንቺ ይትረፍ» ቢላት፣ ወደ ውጭ ወጥታ ምራቋን ተፍታ ተመለሰች። ዳግመኛ አልጠየቃትም።

ሻምበል ባሻው ሞቶ ከተቀበረ በኋላ ግን መሄጃ ያጣችው ማንያህልሻል ያን ጡረታ ተመኘችው። የሟች ሚስት መሆኗን በፍርድ ቤት ማስመስከር ነበረባት፤ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ደግሞ ቃላቸውን እንደ በግ ለገበያ የሚያወጡ ሰዎች አልጠፉም። ከእነርሱ አንዱ፣ አቶ ጥጋቡ፣ የጋበዘችውን ጥሬ ሥጋ እየጎረሰ፣ ስቡ በአገጩ እየወረደ ሳቀባት።

«እኅት ዓለም፣ ምን ያስፈራሻል? እኔ የስንቱ ሙት ሚዜ ሆኛለሁ!»

«መሐላውስ?»

«መሐላ እንደ አጥንት ጉሮሮ አይወጋ። ይልቅ ዳቢቱን አስጨምሪልን።»

በማግሥቱ እርሱና ባልንጀሮቹ፣ ጥርሳቸው መካከል የተሰነቀረው ሥጋ ገና ሳይወጣ፣ እጃቸውን አንሥተው ማሉ፦ ሁለቱ በአንድ ገበታ እየበሉ፣ በአንድ አልጋ እየተኙ፣ ባልና ሚስት ሆነው ኖረዋል። እርሷም «እውነት ነው» አለች። ዳኛውም ሚስትነቷን አጸኑላት።

ወደ ሟቹ ቤት ስትመለስ መግል ሸተታት። ፍራሹን ከቀብሩ ማግሥት አቃጥላዋለች፤ ወለሉንም በበረኪና አጥባዋለች፤ ሽታው ግን ከጣፋጭነት ጋር የተቀላቀለ፣ ለብ ያለ፣ ምላስ ላይ የሚቀመጥ ነበር። መስኮቱን ብትከፍት የባሰ እየወፈረ ሄደ። ምሳዋን አቅርባ ውኃ ልትቀዳ ዞር ብላ ስትመለስ፣ ከገበታው ማዶ ያለው እንጀራ ተቆርሷል፤ በቆረሰው እጅ ፋንታ ቢጫ እርጥበት ወጡ ላይ ሰፍፏል። ድመት ይሆናል ብላ ራሷን አታለለች፤ ድመት ግን አልነበራትም።

በሌላው ቀን፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ደክሟት በአዲሱ ፍራሽ ላይ ጋደም ብላ ሳለ፣ ከበሩ ወዲህ አንድ እግር ሲረግጥ፣ ሌላው ጣውላውን እየፋቀ ሲጎተት ሰማች፤ ረገጠ፣ ተጎተተ፤ ረገጠ፣ ተጎተተ። ከጀርባዋ ያለው የአልጋው ጠርዝ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። ሳትዞር ተስፈንጥራ ወጣች፤ የቀሚሷ ጀርባ ግን ርሶ፣ ከገላዋ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ከገላዋ ስታላቅቀውም ያ የምታውቀው የቁስል ጨርቅ ድምፅ ተሰማት።

ሲነጋ ወደ ፍርድ ቤቱ ሮጠች። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ለብቻዋ ነበረች።

«እመቤት፣ ውሳኔው ይሻርልኝ! ጡረታውም ይቅርብኝ!»

«ምነው እማማ፣ ከትናንት ወዲያ ሲያዝኑለት የነበረውን ባልዎን ዛሬ ካዱት?»

«ባሌ አልነበረም። ምስክሮቹን ያመጣሁ እኔ ነኝ፤ እኔም ዋሽቻለሁ።»

«ይህን ካሉ እኮ ይታሰራሉ።»

«ልታሰር! ብቻዬን ልታሰር! ሚስቱ አይደለሁም በይልኝ እንጂ!»

ሠራተኛዋ ልትመልስላት አፏን ከፈተችና ወዲያው መሐረቧን ወደ አፍንጫዋ አነሣች። በማንያህልሻል ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ በሩ ተመለከተች፤ ከዚያም ለሽማግሌ እንደሚገባ ከወንበሯ ብድግ ብላ፣ «አባቴ፣ በዚህ እግር ለምን ደከሙ? ይግቡ፣ ከባለቤትዎ አጠገብ ይቀመጡ» አለች።