ዜማውን የመለሰው ልጅ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ። ወሬ ማሳመር አልችልበትም፤ ብችልበት ኖሮ መጨረሻውን አሳምሬ እነግራችሁ ነበር።

ከቀኑ አስር ሰዓት ገደማ ነው የጀመረው። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። ቤታችን ሐይቁ ዳር፣ ሸምበቆው አጠገብ ያለ ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት ቤት ነበር።

እኔና ባሌ የወፍ ጎጆ እናጠናለን። መቅረጫ እናስቀምጣለን፣ ድምፁን እናዳምጣለን... ሥራችን ይኸው ነው።

እዚያ አንዲት ትንሽ ወፍ አለች። እንቁላሏን ታቅፋ ሳለ አጭር ዜማ ታሰማዋለች። አዎ፣ ለእንቁላሉ! ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ በዚያችው ዜማ ምግብ ይለምኗታል።

ለምን መሰላችሁ? ሌላ ወፍ ተደብቃ መጥታ የራሷን እንቁላል ጎጆዋ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች። ከእሱ የሚወጣው ባዕድ ጫጩት የቤቱን ልጆች ገፍቶ ይጥላል። እንቁላሉ ዘግይቶ ስለሚጣል ዜማውን ግን አይማረውም። እናትየው ዜማዋን ስታጣበት ጎጆውን እንዳለ ትታለት ትሄዳለች።

ማሙሽን ሳረግዝ እኔም በቀልድ ጀመርኩት። ሆዴን እየዳበስኩ ሦስት ድምፅ አንጎራጉራለሁ። ተወልዶ አፉን ሲፈታ አራተኛዋን እሱ ይጨርስልኝ ጀመር። ታላቅ እህቱ እሜቴ ትቀናብን ነበር። እሜቴ የምንላት ቤቱን እሷ ስለምታዝ ነው።

ታዲያ ባሌ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እኔና ማሙሽ ስናዜም ቀረጸን። ከዚያ ወፎቹ የሰው ድምፅ ይለዩ እንደሆነ ልይ ብሎ፣ ሸምበቆው ውስጥ በድምፅ ማጉያ ሲያጫውተው ሰነበተ።

"የቤታችንን ምስጢር ለጫካ ታወራለህ?" አልኩት።

ሳቀብኝ። "ለወፍ ደግሞ ምን ምስጢር አለ?"

እንግዲህ በዚያን ቀን፣ አስር ሰዓት ላይ፣ ማሙሽ ጠፋ።

ስሙን እየጠራሁ ሸምበቆውን አተራመስኩት። አጣሁት። እያለቀስኩ ስመለስ... በረንዳው ላይ ቆሟል።

ጭቃው እኔን እስከ ጉልበቴ ውጦኝ ነበር። የእሱ ጫማ ግን ደረቅ ነው።

"የት ነበርክ የኔ ጌታ?"

"ራበኝ።"

የራሱን በላ። የእህቱን በላ። ድስቱን ጠረገ። ግንባሩ ላይ ያለችው ጠባሳ አለች፣ ጥርሱም ያው የማሙሽ ጥርስ ነው... ልቤ ግን እምቢ አለኝ።

አቀፍኩትና ሦስቷን አንጎራጎርኩ።

አራተኛዋን መለሰልኝ። እፎይ አልኩ፣ እንባዬም መጣ።

ከዚያ... ከጉሮሮው ውስጥ...

"ቀጭ።"

ባሌ መቅረጫውን ሲያጠፋው የሚሰማው ድምፅ ነው። ቅጂው የሚያልቀው በእሱ ነው።

ባሌን ወደ ጓዳ ጎተትኩት።

"ከማጉያው ነው የተማረው..." አልኩት በሹክሹክታ።

"ታዲያስ? ልጅ የሰማውን ይቀዳል።"

"የኔ ልጅ ከእኔ ነው የተማረው! ከሆዴ!"

"ቀስ በይ! አንቺ ነሽ በዜማሽ የልጁን ጭንቅላት ያዞርሽው።"

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ምግብ አልበረክት አለ። እሜቴ ከሳች፤ ማዘዝም ተወች። ጠዋት ስነሳ ወለል ላይ ተኝታ አገኛታለሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ በሩ ጋ። ከዚያ ደግሞ ደረጃው አፋፍ ላይ።

"እማ..." አለችኝ አንድ ቀን ጆሮዬ ላይ ተለጥፋ። "ቀስ ብለሽ... ይሰማናል።"

"ምን ሆንሽ?"

"ይገፋኛል።"

"በእጁ?"

"በጀርባው። ዓይኑን ጨፍኖ።"

ባዕዱ ጫጩት ጎጆ ውስጥ የሚያደርገው እንዲሁ ነው፤ ዓይኑ እንኳን ሳይገለጥ፣ በጀርባው። ባሌ ስንቱን በዓይኑ አይቷል! ስነግረው ግን "የልጆች ጨዋታ ነው" አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የወፍ ጎጆ ሲሰልል ኖሮ የራሱን ማየት አቃተው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ግቢ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ ቀና አልኩ... የላይኛው መስኮት ተከፍቷል።

እሜቴ ጠርዙን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ግማሽ አካሏ ውጭ ነው። አትጮኽም። ከኋላዋ የማሙሽ ጀርባ ይታየኛል። ቀስ... ቀስ... እያለ ይገፋል።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ጎትቼ አስገባኋት። እሱ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑን ገለጠ።

"ራበኝ" አለኝ።

የዚያኑ ቀን እሜቴን ይዤ ወጣሁ። ባሌ በሩ ላይ ቆሞ፣ "የወለድሽውን ትተሽ?" አለኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ያቆስለኛል። ልጄ ቢሆንስ? ካልሆነስ... የእኔው የት ነው? ሸምበቆው ውስጥ ገብቼ ድምፄ እስኪዘጋ ሦስቷን አንጎራጎርኩ። ማንም አልመለሰልኝም።

ባሌ መጀመሪያ ላይ እየደወለ ይኩራራብኝ ነበር። "እንዴት እያደገ መሰለሽ! አፈር ስሆን፣ ነይና እዪው!" ድምፁ ግን በደወለ ቁጥር እየሳሳ ሄደ። በኋላ ስልኩንም ማንሳት ተወ።

ብጠላውም አንጀቴ አልቻለም። ከዚያ ቤት ላወጣው ሄድኩ። ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ጨለማ አሳሳተሽ እንዳትሉኝ። ከማንኳኳቴ በፊት በወጥ ቤቱ መስኮት አየሁ።

ባሌ አጥንትና ቆዳ ሆኗል። ማንኪያ ይዞ ይስቃል።

"በል ክፈት የኔ አንበሳ... ይቺን ብቻ..."

ማሙሽ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሏል።

ባሌ ግን የልጁ አፍ ጋ ለመድረስ... ወንበር ላይ ቆሞ ነበር።