ከምሳ በኋላ የተቀባ ጥርስ

የጥርስ ሐኪሙ ካሱም ሳኑ ከሕክምና ወንበሩ ሥር በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የተመታበት፣ የሕክምና መሣሪያ የሚቀቀልበት የብረት ሣጥን አጠገቡ ወድቋል። ያገኘችው ረዳቱ ኦሮኪያ ናት፤ በምሳ እረፍት ቤቷ ሄዳ ሕፃኗን አጥብታ ስትመለስ። በሩ ተቆልፎ ነበር፣ ከሟቹ ሌላ ቁልፍ ያላት እሷ ብቻ ናት። የቦቦ ዲዩላሶ ከተማ ፖሊሶች ከዚያ ወዲያ አልደከሙም። ሙቀቱም ነበር፣ ስንፍናውም ነበር።

መርማሪ ሳታ ሚሎጎ እንደገባች በሩን ሳበችው። ራሱ ተቆለፈ።

«ወጥቶ ለመዝጋት ቁልፍ አይፈልግም። ካቴናህን ኪስህ ክተት» አለችው ፖሊሱን።

«አለቃ ይቺ ሴት ፀሐይ ሳትጠልቅ ወህኒ ትውረድ ብለዋል። እርስዎ ሌላ ሰው ካመጡ እሰየው።»

ኦሮኪያ ግድግዳውን ተደግፋለች። ጡቷ አግቶ ቀሚሷን አርሶታል።

«ልጅሽ ማን ጋ ነው?»

«ጎረቤት። ጡጦ አይቀበልም።»

ሳታ ከሳህኑ ላይ አንዲት ትንሽ ብሩሽ አነሳች። ጫፏ ላይ ሙጫ የመሰለ ቢጫ ነገር አለ። «ይሄስ?»

«የጥርስ ቫርኒሽ ነው። ጥርሱን ለማቃናት ሽቦ ያሰረ ሰው በሽቦው ዙሪያ ምግብ ይሰነቀርበትና ጥርሱ ነጭ ኖራ እየመሰለ ይበላል። ይሄ ይከላከልለታል። ዶክተር ከእሳቸው እጅ ሌላ አያስነኩትም።»

«ዛሬ ማንን ቀቡ?»

«ማንንም። አልቆብን ልጆቹን ስንመልስ ነው የሰነበትነው» ብላ ብሩሹን አየችና ግራ ገባት።

ሳታ ኦሮኪያንና ፖሊሱን አስከትላ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። ሚስቱ ኮሮቱ ምንጣፍ ላይ ነበረች።

«ምሳውን ሳደርስለት ከአቢጃን በአውቶብስ የመጣለትን የቫርኒሽ ካርቶንም ሰጠሁት። እንደ ልጅ እየሳቀ ቀደደው። የጓደኛውን የሳምቦን የጥርስ ሳሙና ነገር ነገ በሬዲዮ እናገራለሁ አለኝ።»

«ሳሙናው ምን ሆነ?»

«ኖራና ስኳር ነው፤ አስመረመረው። ሽቦ ላሰሩት ልጆች እዚያው ክሊኒኩ በር ላይ ሲሸጥላቸው ኖረ። ስንቱ ልጅ ጥርሱ ተበሳሳ መሰለሽ። ጓደኛዬ ነው፣ አስቀድሜ ለራሱ እነግረዋለሁ ብሎኛል።»

ሳምቦ ሲዲቤ ግቢው ውስጥ ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጧል። ዘናጭ ነው፤ ጥምጣሙ፣ ሽቶው፣ ጥርሱ ላይ ያሰረው ሽቦ ሳይቀር። ዛሬ ግን አፉን በጥምጣሙ ጫፍ ሸፍኗል። ለለቀስተኛ የሚታደለው ጠንካራው የኮላ ፍሬ ሲዞር ሳይቀምስ ለጎኑ አሳለፈ። ትኩሱ የማሽላ አጥሚትም ሳይነካው ፊት ለፊቱ ቀዘቀዘ።

«ካሱምን መቼ አየኸው?»

«ጠዋት ከክሊኒኩ በር ላይ። ሰው በዝቶበት ነበር፣ ሳልቀመጥ ተመለስኩ» አለ፣ ከንፈሩን እንደ ነገሩ አንቀሳቅሶ።

ዝምታው ከሐዘን ነው አሉ ሰዎቹ። ሳታ አላመነችም። እሷ የቦቦ ጎሳ ናት፣ እሱ ከከብት አርቢዎቹ ከፉላኒ ነው፤ ሁለቱ ጎሳዎች ሲገናኙ በቀልድ መሰዳደብ ወጋቸው ነው፣ ለቅሶ ላይም ቢሆን። የቦቦ ሰው ሞቶ ፉላኒው ዝም ካለ አንድ ነገር አለ። ኮሮቱን፣ ኦሮኪያንና ሽማግሌዎቹን ሰበሰበችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አንተ ወተት ሌባ፣ ባሪያዬ፣ ጌታህ ሞቶ ዝም ትላለህ?»

«ተዪኝ፣ ጠላ ጠጪ» አለ በአፍንጫው።

«አባቶቼ፣ ካሱምን ስትቀብሩ ይሄ ሰው እንዳይቀርብ። በሬ የተቀበረ መስሎት ቆፍሮ ይነዳዋል።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ፣ ኮሮቱም ጭምር። ሳምቦ ሊታገስ ሞከረ፣ ሳቁ አሸነፈው። ጥምጣሙ ወረደ። በሽቦው ዙሪያ ጥርሱ ሁሉ ቢጫ ነበር።

«ኦሮኪያ፣ ምን ይታይሻል?»

«ቫርኒሽ» አለች ቀስ ብላ። «የዛሬ ነው።»

«የዛሬ ነው። ካርቶኑ በምሳ ሰዓት ገባ። ኮሮቱ ስትወጣ ገና መቀደዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው አለ፤ ብሩሹን አይቼዋለሁ። አንተ ከበር ተመለስኩ አልክ። ታዲያ ጥርስህ ብቻውን ሄዶ ተቀባ? ካሱም እንደ ጓደኛ ቀባህ፣ እንደ ጓደኛም የሬዲዮውን ነገር አልደበቀህም። እጁን ሊታጠብ ሲዞር በሣጥኑ መታኸው። በሩን ስበህ ወጣህ፣ ራሱ ተቆለፈ፣ ዳፋው ለዚች አራስ ተረፈ። አሁን ኮላህን ብላ።»

ኮላውን ዘረጋችለት። እጁ አልተነሳም።

«እስከ ነገ ጠዋት ጠንካራና ትኩስ ነገር አትንካ ብሎኛል» አለ። ከተናገረው በኋላ ነው የሰማው።

«ገድለኸው ትእዛዙን ጠበቅህለት» አለች ሳታ። «ለመሆኑ በዚያ ሳሙናህ ቦርሸህ ታውቃለህ?»

ሳምቦ ቀና ብሎ አያት፣ ከስድቧ ሁሉ ይህ የባሰበት ይመስል።

«እኔ? እብድ ነኝ?»

ኦሮኪያ ይህን አልሰማችም። ማንም ሂጂ ሳይላት ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ ጎረቤቷ ቤት እየሮጠች ነበር።