ወንበር አራት ላይ ያለው ሰው

አዜብ ለማርስ የመጀመሪያውን ካርታ የሰጠችው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ካርታው ራሱ ከድሬዳዋ ንቅንቅ አላለም፤ ከፊቷ በተዘረጋው አረንጓዴ ጨርቅ ላይ «አራት» የሚል ቁጥር ከተጻፈበት ቦታ አረፈ። ምስሉ ግን ዘጠኝ ደቂቃ ተጉዞ፣ ማርስ ላይ ካለ አንድ የውሃ ጉድጓድ ጣቢያ ደርሶ፣ እዚያ ያለ ሰው ስልክ ላይ ይታያል።

«ደህና አደሩ ጋሽ ገመቹ፤ ሰባት ደርሶዎታል» አለች ወደ ካሜራው ፈገግ ብላ። ከዚያ ወደ ወንበር አምስት አለፈች።

ጠረጴዛዋ ሰባት ወንበር አለው እንጂ የሚቀመጥበት ሰው የለም። ተጫዋቾቹ ስልካቸውን ይዘው በያሉበት ናቸው። አንዷ ነቀምት ቁርሷን እየበላች ትጫወታለች፤ አንዱ ቀይ ባሕር ላይ የጭነት መርከብ ውስጥ ነው። ሦስት ካሜራዎች ከላይ፣ ከፊትና ከጎን ያዩዋታል። እያንዳንዱን ካርታ ከሳጥኑ ስታወጣ ጠረጴዛው ላይ በተተከለች ትንሽ መስተዋት ላይ ታሳልፈዋለች፤ መስተዋቷ ቁጥሩን አንብባ በየስልኩ ትልከዋለች። ጨዋታው ብላክጃክ ነው። የካርታው ድምር ወደ ሃያ አንድ የቀረበለት ያሸንፋል፣ ሃያ አንድን ያለፈ ይወድቃል። ተጨማሪ ካርታ የሚፈልግ ስልኩ ላይ «ጨምሪ» የሚለውን ይነካል፤ የማይፈልግ «ይበቃኛል»ን። አዜብ ራሷ ምርጫ የላትም፤ አሥራ ሰባት እስክትደርስ ትጨምራለች፣ ከደረሰች ታቆማለች።

ስልክ ይህን ሁሉ ያለ እሷ መሥራት ከቻለ ብዙ ዘመኑ ነው። ሰዎች ግን ካርታውን የሰው እጅ ሲገልጠው ማየት ይወዳሉ። የአዜብ እጅ ደግሞ በሙያው የታወቀ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ካርታ አልወደቀባትም፤ ይህንንም ሳትጠየቅ ትናገራለች።

ችግር የነበረው ማርስ ነው። መልእክት ሄዶ ለመመለስ አሥራ ስምንት ደቂቃ ይፈጅበታል። አንድ ሰው «ጨምሪ» እስኪል ድረስ ሌሎቹ ስድስት ሰዎች ያን ያህል ተገትረው ሊጠብቁት አይችሉም። ለዚህ የተገኘው መላ «ቀዳሚ» ይባላል። ቀዳሚ የአንድን ሰው ልማድና የሚጽፈውን ሁሉ አጥንቶ፣ ሰውየው ከመናገሩ በፊት የሚናገረውን የሚገምት ፕሮግራም ነው። ገመቹ ካርታውን ገና ሳያየው ቀዳሚ በእሱ ቦታ «ጨምሪ» ይላል፤ አዜብ ትጨምራለች፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ማርስ ላይ ያለው ስልክ ደግሞ ውጤቱን ደብቆ ገመቹን ይጠይቀዋል። እሱም እንደተገመተው ከነካ ዙሩ ይጸድቃል፤ ሌላ ከነካ ያ ዙር እንዳልነበረ ይሰረዛል።

ከመቶ ዙር ሦስቱ ይሰረዙ ነበር፤ ሦስቱም የሚሰረዙት በገመቹ ጠባይ ነው። ገመቹ ስልሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው የአርሲ ሰው ነው። ያንን ጉድጓድ ብቻውን ሲጠብቅ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። አልፎ አልፎ አሥራ ስምንት ይዞ፣ ማንም ጤነኛ ሰው በሚያቆምበት ቦታ፣ «ጨምሪ» ይላል። አዜብ አንድ ቀን «ምን ነካዎት?» ብላ ብትጠይቀው፣ «ምን እንደሚመጣ ልየው ብዬ ነው» ብሎ ጽፎላታል።

ሦስት ሰዓት ላይ ካርታው በማሽን እስኪበወዝ ጨዋታው ቆመ። አዜብ ድምፅ ማጉያዋን ዘግታ ትከሻዋን ስታፍታታ የፈረቃው ኃላፊ ጋሽ በድሉ መጣ። እጁን እያፋተገ ነበር።

«የምሥራች አለኝ። ወንበር አራት ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አንድም ዙር አልተሰረዘበትም። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ዙር፣ ሁሉም እንደተገመተው። የቀዳሚ ሰዎች አሁን ደውለውልኝ ነበር፤ መቶ በመቶ ደረስን ብለው ዓለማቸውን እያዩ ነው።»

«ጋሽ ገመቹ ናቸው መቶ በመቶ የሆኑት?»

«እሳቸው ናቸዋ።»

«እሳቸው እኮ ጎበዝ ተጫዋች ሆነው አያውቁም።»

«ተምረው ይሆናላ» አለ ጋሽ በድሉ እየሳቀ።

አዜብ አልሳቀችም። ከጎኗ ያለውን ስክሪን ወደ ራሷ አዞረች። ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ ሰውየው ለመንካት የወሰደበት ሰከንድ ተመዝግቧል። የነቀምቷ ሴት አራት፣ ዘጠኝ፣ ሁለት። የመርከበኛው ሰባት፣ አሥራ አንድ፣ ሦስት። የገመቹ አሥራ አምስት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ አምስት። በጣቷ ወደ ታች ሳበችው። ማለቂያ የለውም፤ ሁሉም አሥራ አምስት ነው።

«ጋሽ በድሉ፣ ሰው በአሥራ አምስት ሰከንድ ውስጥ ካልነካ ምን ይሆናል?»

«በፊት ዙሩ ያመልጠው ነበር። ካለፈው ወር እድሳት ወዲህ ግን ስልኩ ራሱ የቀዳሚን መልስ ይወስድለታል። በለመደው ሰዓትም ገብቶ ቦታ ይይዝለታል። ሰው ቢያሸልበው፣ ወይ ሻይ ሊያፈላ ቢነሳ፣ ወንበሩን እንዳያጣ ተብሎ...»

«ስለዚህ ቀዳሚ የገመተውን ያጸደቀው ያው ቀዳሚ ነው» አለች አዜብ። «ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ። ሰውየው የሉም።»

«ዛሬ ጠዋት ሰላም ብለውሽ የለም እንዴ?»

«ብለውኛል። የድሬ ሙቀት እንዴት ነው ብለውኛል። በየቀኑ የሚሉት እሱኑ ነው። ይህን መጻፍ ለቀዳሚ ምን ያቅተዋል?»

የተበወዘው ካርታ ሳጥኑ ውስጥ ገባ፤ የካሜራው መብራት በራ። ስድስት ሰዎች ይጠብቃሉ። በድርጅቱ ደንብ ጠረጴዛ የሚዘጋው እሳት ከተነሳ ወይም መብራት ከጠፋ ብቻ ነው። አዜብ ሁለት እጆቿን ጨርቁ ላይ ዘርግታ መዳፏን ለካሜራው አሳየች። አጫዋች ከጠረጴዛ ሲነሳ የሚያደርገው ይህንን ነው።

«የተከበራችሁ ተጫዋቾች፣ ወንበር አራት ላይ ያሉት ሰው ደህና መሆናቸውን እስካረጋግጥ ጠረጴዛው ተዘግቷል። ያስያዛችሁት ይመለስላችኋል።»

«ሥራሽን ነው የዘጋሽው» አላት ጋሽ በድሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ዐውቃለሁ። የማርስን ነፍስ አድን ክፍል መስመር ይስጡኝ።»

ጋሽ በድሉ ጎንበስ ብሎ መስመሩን ስክሪኗ ላይ ከፈተላት።

መልእክቱን በአጭሩ ላከች። ከዚያ አሥራ ስምንት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ተጫዋቾቹ ይበታተናሉ ብላ ነበር፤ አንድም ሰው አልወጣም። የነቀምቷ ሴት «ምን ሆኑ ሰውየው?» ብላ ጻፈች። መርከበኛው «እኔ ሥራ የለኝም፣ አብሬ እጠብቃለሁ» አለ። አዜብ የምታውቀውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው።

መልሱ መጣ። ካሌብ የሚባል የዕለቱ ተረኛ ነው፤ ድምፁ ትሕትና ያለው ወጣት። «ጣቢያ ሰባት ደህና ነው። አየሩ፣ ሙቀቱ፣ የውሃው ግፊት ልክ ናቸው። ሰውየውም ዛሬ ጠዋት ስንጠይቃቸው ደህና አድሬያለሁ ብለውናል። ስላሳሰበዎት እናመሰግናለን።»

አዜብ ወንበሯን ወደ ድምፅ መቀበያው አስጠጋች።

«ወንድሜ ካሌብ፣ ደህና አድሬያለሁ ያሉት በየትኛው ስልክ ነው? ካርታ የሚጫወቱበትም ያው ስልክ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ እጃቸው አልነካውም። ለእናንተም ለእኔም የሚመልሰው ስልኩ ነው። እኔ እኚህን ሰው ሁለት ዓመት አጫውቻቸዋለሁ፤ አሥራ ስምንት ይዘው ጨምሪ የሚሉ ሰው ናቸው። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ሞኝነት ሳይሠሩ አይውሉም። መሣሪያውን አትጠይቁ፣ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩአቸው። ተሳስቼ ከተገኘሁ ስሜ አዜብ ደምሴ ነው፤ ከፈለጋችሁ ክሰሱኝ።»

ይህኛው መልስ ዘገየ። አሥራ ስምንተኛው ደቂቃ አለፈ፤ ሃያኛው አለፈ። በሃያ ሦስተኛው ላይ ካሌብ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ቃላት አላበዛም።

«መኪና ይዘን ወጥተናል። የስድስት ሰዓት መንገድ ነው።»

ከዚያ በኋላ የጋሽ በድሉ ስልክ ከድርጅቱ አለቆች ጥሪ ዕረፍት አላገኘም። በተጠራ ቁጥር ወደ ኮሪደሩ ይወጣል፤ ሲመለስ ጆሮው ቀልቶ ነው። ስምንት ሰዓት ሲሆን ከአዜብ ፊት ቆመ።

«አግጃታለሁ አልኳቸው።»

«ታግጃለሁ ማለት ነው?»

«ታግደሻል። ግን እስኪደርሱ ድረስ እዚሁ ተቀመጪ፤ ምሳ አስመጣልሻለሁ።»

አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ካሌብ ተናገረ። ድምፁ ከሩጫ የመጣ ሰው ድምፅ ነበር።

«በሕይወት አሉ። ፓምፕ ክፍሉ ውስጥ አገኘናቸው። ከተደረደሩት ቱቦዎች አንዱ ተንሸራቶ እግራቸውን ይዟቸው ነበር። ከመገጣጠሚያው የሚንጠባጠበውን ውሃ እየጠጡ ነው የቆዩት። ጉልበታቸው ተጎድቷል፣ ግን ይድናሉ። ስልካቸው ከግድግዳው ማዶ ወጥ ቤት ውስጥ ነበር፤ ቢጮኹ ቢጮኹ አልሰማቸውም። እኔ ስደርስ የእርስዎን ጠረጴዛ ከፍቶ ‹ዛሬ ምነው ዘጋሽ፣ አሞሻል እንዴ?› ብሎ እየጻፈልዎ ነበር።»

አዜብ ድምፅ ማጉያዋን ከፍታ ለስድስቱ ሰዎች አወራቻቸው። ከዚያ ከጠረጴዛዋ ተነሳች።

እገዳው ዘጠኝ ቀን ቆየ። ከማርስ የምስጋና ደብዳቤ ሲመጣ የድርጅቱ ሰዎች እገዳ የሚባል ነገር እንደማያስታውሱ ሆኑ። ስልክ በሰው ቦታ ሲመልስም ወንበሩ ላይ ቢጫ መብራት እንዲበራ አዘዙ። አዜብ ወደ ጠረጴዛዋ ስትመለስ ስለ መብራቱ «እኔ ነኝ ያስበራሁት» እያለች ለአዳዲሶቹ አጫዋቾች ትናገር ጀመር፤ እውነቷን ነው።

ገመቹ የተመለሰው በሰባተኛው ሳምንት ነው። ለመጫወት አልነበረም፤ ቀዳሚውን አጥፍቶታል፣ ያለ እሱ ደግሞ ከዚያ ሩቅ ቦታ መጫወት አይቻልም። አዜብ ወንበር አራትን ካርታ ሳትሰጠው ክፍት ተወችለት። ረጅም መልእክት ጽፎላት ነበር፤ ካርታው ሲበወዝ አነበበችው።

«አዜብ ልጄ፣ ስለ ሕይወቴ ምስጋናዬን በካሌብ በኩል ልኬልሻለሁ። ይህ ሌላ ነው። ሲፈን የምትባል ልጅ አለችኝ፤ አዳማ ነው የምትማረው። እናቷ ስትቀበር ከዚህ መድረስ አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ‹ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ› ስንባባል ቆየን። ቱቦው ሥር ወድቄ ሳለሁ ስልኬ ከእሷ ጋር ሲጻጻፍ ነበር። ሐኪሞቹ ሲለቁኝ ተቀምጬ አነበብኩት። ስላልመጣሁ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። እሷም መቃብሩ አጠገብ ስለተከለችው ዋንዛ ነግራኛለች፤ ቁመቱ የት እንደደረሰ፣ ማን ውሃ እንደሚያጠጣላት። ይቅር ብዬሃለሁም ብላኛለች። ሁለት ቀን ሙሉ እንዲህ አወራን። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ልጄን ማታለል ሆኖ ተሰማኝ። ድምፄን ቀድቼ ‹ያ እኔ አልነበርኩም› ብዬ ላክሁላት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹አባዬ፣ እኔም አልነበርኩም። ፈተና ላይ ስለነበርኩ ስልኬን አንተው መልስ ብዬው ነው የሄድኩት።›»

አዜብ ሁለቴ አነበበችው። አንዱ ስልክ ማርስ ላይ ባዶ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ሌላው አዳማ ውስጥ የተማሪ መኝታ ቤት አልጋ ላይ። አንዱ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ሌላው ይቅር ይላል። አጠገባቸው አንድም ሰው የለም።

«ታዲያ ሁሉም ውሸት ነበር?» ብላ ጻፈችለት፤ ካርታ ማደሏን ቀጠለች። የነቀምቷ ሴት ሁለት ጊዜ አሸነፈች፤ መርከበኛው በሃያ ሁለት ወደቀ። ከዚያ መልሱ ደረሰ።

«እኔም ሲፈንን እንዲሁ አልኳት። ከተጻፈው ውስጥ ያልሆነ ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አንድ በአንድ አይታ የለም አለችኝ። እኔም ፈልጌ አጣሁ። ስልኮቹ የዋሹት ነገር የለም። ሁለታችንም ልንለው ያሰብነው ነበር፤ ሳንለው የቀረነው እኛ ነን።»

አዜብ እጇን ከሳጥኑ አንስታ ጻፈችለት።

«ከዚያ እናንተው ራሳችሁ ስትነጋገሩስ ምን አወራችሁ?»

ሌላ አሥራ ስምንት ደቂቃ። ሌላ አሥር ዙር ገደማ። ጋሽ በድሉ በበሩ በኩል ሲያልፍ እጁን አነሳላት። ወንበር አራት ላይ ጽሑፍ ታየ።

«ምንም። አፍራ ይሁን እንጃ፣ አየሩ እንዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ። እዚህ አየር የለም አልኳት። ሳቋ እስኪደርሰኝ አሥራ ስምንት ደቂቃ ፈጀ፤ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ጠበቅሁት።»