ቀዩ ክር የታሰረበት እጅ

ደራሲው ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ያገኘችው ሚስቱ ናት፤ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትመለስ። በገመድ ታንቋል። በቀኝ እጁ አንጓ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። በሩ አልተሰበረም።

መርማሪዋ ጉልበቷን ይዛ ደረጃውን ወጣች። ጡረታ ልትወጣ አራት ወር ቀርቷታል፤ ሬሳ ማየት ከሰለቻት ግን ዓመታት አልፈዋል።

ሟቹ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲጽፍ የከረመው በየአገሩ ሰው እያከታተሉ ስለገደሉ ሰዎች ነበር። አንዷ አከራይ ተከራዮቿን በመርዝ ትጨርስ ነበር፤ አንዱ ሹፌር ያሳፈራቸውን ሴቶች ጫካ ይጥላቸው ነበር። የሰባተኛው ምዕራፍ ገዳይ ደግሞ አንቆ ከገደለ በኋላ የሟቾቹን እጅ በቀይ ክር ያስራል።

«ይሄ መጽሐፉን ያየ እብድ ሥራ ነው» አለ የሚስትየዋ ታናሽ ወንድም፣ የሆስፒታል ነርስ ነው። «እኔማ አንዲት ገጽ አላነበብኩም። ስቃይ ሳይ ውዬ፣ ቤቴ ገብቼ ደግሞ ስቃይ ላንብብ?»

«እርስዎስ?» አለቻት መርማሪዋ ሚስትየዋን።

«እኔ ሁሉንም ከእጅ ጽሑፉ አንብቤዋለሁ። ከእኔ በቀር ያን ጭረት ማን ያነብለታል?»

በማግስቱ ጠዋት የደራሲውን ጽሑፍ የምትተይበው ሴት ዓይኗ አብጦ መጣች። መርማሪዋ ሰባተኛውን ምዕራፍ ኮምፒውተሩ ላይ አስከፈተቻት።

«እዚህ ላይ ግራ እጅ ይላል» አለች መርማሪዋ።

«መጀመሪያ ተሳስቼ ቀኝ ብዬ ተይቤው ጋሼ ተቆጡኝ። ከትናንት ወዲያ አረምኩት።»

«የተሳሳተው ታትሟል?»

«የመጽሐፉ አንድ ኮፒ ብቻ። የመድኃኒቶቹን ስም እንዲያይላቸው ለሚስታቸው ወንድም ሰጡት።»

መርማሪዋ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ማወቋ ደስ አላሰኛትም።

«የመጨረሻው ምዕራፍ ከጠረጴዛው ላይ የለም።»

«ገና አልተየብኩትም። ግን ትናንት ጠዋት ፎቶ አንስተው በስልክ ልከውልኛል። አልከፈትኩትም።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«በሩን የከፈተው ሟቹ ራሱ ነው፤ ገዳዩን ያውቀዋል» አለች እንደደከማት ቁጭ ብላ። «ክሩ የእብድ ሥራ እንዲመስል የታሰረ ነው። የመጽሐፉ ገዳይ ግን የሚያስረው ግራ እጅ ላይ ነው። ባለቤቱ ያነበቡት የእጅ ጽሑፍ ግራ ይላል። ተያቢዋም ስህተቷን ታውቀዋለች። ቀኝ የሚለው ኮፒ ያለው አንድ ሰው ጋ ብቻ ነው።» ወደ ነርሱ ዞረች። «አንተ ጋ።»

«ማንበብ ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«አላነበብኩም ማለትህን ነው የያዝኩት። የመጨረሻው ምዕራፍ ስለ ሌላ አገር ሰው አይደለም። አንድ የሆስፒታል ክፍል ውስጥ፣ ሁልጊዜ በአንድ ነርስ ተራ ስለሞቱ ዘጠኝ አሮጊቶች ነው። ስምህን አልጻፈም። ከገጹ ዳር ላይ ግን ‹የሚስቴ ወንድም ነው፤ ዛሬ ጠርቼ እጁን እንዲሰጥ እለምነዋለሁ› ይላል። ጠራህ፤ መጣህ። ወረቀቱን ወሰድክ፤ ፎቶውን አላወቅክም።»

ነርሱ እጆቹን አየ።

«አሮጊቶቹ ደክሟቸው ነበር» አለ። «ጠያቂ እንኳ አልነበራቸውም።»

«የእህትህ ባል አልደከመውም ነበር» አለች መርማሪዋ።

«እማዬም እዚያ ክፍል ነው የሞተችው» አለች እህቱ ቀስ ብላ።

መርማሪዋ ምዕራፉን አስታወሰች። ደራሲው ዘጠነኛዋን ሟች በስሟ አልጻፋትም፤ «እማማ» ብሏት ነበር።

«አንቺም እኮ እሷን ስታስታምሚ ሦስት ወር እንቅልፍ አልነበረሽም፣ እቴቴ» አላት ወንድሟ።

እህቱ ካቴናው እጁ ላይ እስኪገባ ድረስ ቆማ አየችው። ከዚያ ጃኬቱን ከወንበሩ አንስታ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለትና ገና ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ በሩን ዘጋችው።