ኳሱ የሌለበት ፓኬጅ

ዐብዲረዛቅ የተገኘው በቤቱና በጎረቤቱ ግንብ መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ፣ በባዶ እግሩ፣ የዲሽ መፍቻ በቀኝ እጁ እንደያዘ። መሰላሉ ከጣሪያው ጋር ተደግፎ ቆሟል። ከላይ የዲሹ ገመድ በነፋሱ እየተወዛወዘ ቆርቆሮውን ቀጭ፣ ቀጭ ያደርገዋል። ዕድሜውን ሙሉ የጅግጅጋን ጣሪያ ሲወጣ ሲወርድ የኖረ ዲሽ ሠሪ ከገዛ ጣሪያው ወድቆ ሞተ ቢባል ማን ያምናል?

ሰውም አላመነም። ጉዱ ሌላ ነገር ማመኑ ላይ ነው።

«ዴቅ ነው! ጠዋት ሲዝትበት ሰምተናል!»

የሟች ወንድሞች ዴቅን ከሱቁ ጎትተው አውጥተው፣ ሸሚዙን በላዩ ላይ ቀድደው ለፖሊስ አስረከቡት። ዴቅ የሟቹ ሚስት የሂቦ የእህቷ ልጅ ነው፤ ሥራውን ከዐብዲረዛቅ የለመደ፣ ከማዕዱ የበላ ጎረምሳ። በአባቱ በኩል ግን ጎሳው ሌላ ነው። ደም ከፈሰሰ ደግሞ ነገሩ በሁለት ሰው መካከል አይቀርም። የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተጠርተዋል፤ ቀብሩ በማግስቱ እሑድ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ነው። ከቀብር መልስ ምን እንደሚከተል ሁሉም ያውቃል፤ ደፍሮ አፉ ላይ የሚያመጣው ግን የለም።

ኢንስፔክተር አትጠገብ የኋላሸት ከመኪናዋ ስትወርድ ነፋሱ አቧራውን አንስቶ ፊቷ ላይ በተነባት።

«አቤት ይሄ ነፋስ! ዛሬስ ምን ነክቶታል?»

አትጠገብ አያቷ ወታደር ሆነው ጅግጅጋ ገብተው እዚያው የቀሩባት የከተማው ልጅ ናት። ሶማሊኛውንም አማርኛውንም እኩል አፏን የፈታችባቸው፣ ነገር ከያዘች የማትለቅ፣ ሲዋሿት ደግሞ ከውሸቱ ይልቅ «ሞኝ መሰልኳቸው እንዴ?» እያለች የምትበሳጭ ሴት።

«ወድቆ ነው እንዳልል ቁስሉ ማጅራቱ ላይ ነው» አላት አብሯት የሚሠራው ሳጅን ኢልዋድ። «መሬቱ ላይ ደግሞ ይሄ ነው የሚባል ደም የለም።»

አትጠገብ ተንበርክካ ሬሳውን ቀስ ብላ መረመረችው። ዐብዲረዛቅ የለበሰው ሽርጥ ነው። የሽርጡ ጫፍ ረጥቧል፤ ነካ አድርጋ ጣቷን አሸተተች። የምግብ ዘይት ነው። ከዚያ ጣሪያው ላይ ወጣች። የዲሹ ብሎን ሁሉ እንደጠበቀ ነው፤ የነካው ሰው የለም። ጫማም ከላይም ከታችም ፈልጋ አጣች።

«ሰውየው በባዶ እግሩ ነው እንዴ የሚሄደው?»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ!» አለ ኢልዋድ።

ሂቦ ሳሎኗ ውስጥ በሴቶች ተከባ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደርቋል።

«እህቴ ሂቦ፣ አላህ ያጽናሽ። ከምሳ በኋላ ምን ሆነ?»

«ምሳ በላን። ሸበጡ ተበጥሶበት ነበር፤ እዚህ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ በቁራጭ የዲሽ ገመድ ጠገነው። ‹ምናለ አዲስ ብትገዛ?› ብዬ ሳቅሁበት። ከዚያ ድራማዬ ጀመረ። ‹መጣሁ› ብሎ ወጣ። አልመጣም።»

«ሽርጡን እንደለበሰ?»

«ቤት ውስጥ ሌላ ምን ይለብሳል?»

«ጣሪያ ላይስ በሽርጥ ይወጣል?»

ሂቦ እንደ ተቆጣ ሰው ቀና አለች። «ወላሂ አይወጣም! በዚህ ነፋስ? ሰፈር ሙሉ ገላውን ሊያየው? ሱሪ ሳይለብስ አንድም ቀን ወጥቶ አያውቅም።»

«ድራማው ተቋርጦብሽ ነበር?»

«ኧረ አልተቋረጠም። እስኪያልቅ አየሁት። እኔ ድራማ ሳይ ነው እሱ የሞተው።»

«ሰሞኑን የተለየ ነገር ነበረበት?»

«ሐሙስ ከሥራ ከተመለሰ ወዲህ ዝም ብሎ ነበር። ስጨቀጭቀው፣ ‹ከጣሪያ ላይ ሆኜ የሰው ጉድ አየሁ፤ ለራሱ ነግሬዋለሁ፣ ያስተካክል› አለኝ። ማን እንደሆነ አልነገረኝም። የሰው ነውር ከአፉ አይወጣም።» ከዚያ የአትጠገብን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። «አበዮ፣ እህቴ፣ ባሌን ነገ ልቀብር ነው። የእህቴን ልጅ ደግሞ እንዳታስቀብሩኝ።»

አትጠገብ እጇን በሂቦ እጅ ላይ ደርባ ያዘቻት፤ ከዚያ ወደ ጣቢያው ሄደች።

ዴቅ የተቀደደ ሸሚዙን በእጁ ሰብስቦ ይዞ ጣቢያው ጥግ ላይ ተቀምጧል።

«ዝተህበታል?»

«ዝቻለሁ» አለ። «አንድ ደንበኛ መጥቶ ጮኸብን። መካከለኛውን የቲቪ ፓኬጅ ነበር የሸጥኩለት። ከፓኬጁ ጋር በስልክ የሚታይ አፕ በነፃ ይመጣል። እኔ ‹ኳሱንም በስልክህ ታያለህ› ብዬዋለሁ። ዐብዲረዛቅ ሰው ፊት አዋረደኝ። ‹የሌለበትን አለበት እያልክ አትሽጥ! እኔ በዚህ ከተማ የምታወቀው በቃሌ ነው!› አለኝ። ተናደድኩና ‹ይቺን ቀን ታስታውሳታለህ› አልኩት።»

«እንዲህ ብለህ የሸጥከው ለስንት ሰው ነው?»

«ለጠየቀኝ ሁሉ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሁሉም ሰው የሚፈልገው ‹አለበት› እንዲባል ነው።»

«ከምሳ በኋላ የት ነበርክ?»

«ሱቅ። ብቻዬን። የሚመሰክርልኝ የለም። ኢንስፔክተር፣ እውነቱን ልንገርሽ? ማታ ይቅርታ ልጠይቀው ነበር።»

በዐብዲረዛቅ ግቢ ጓሮ ያለውን ክፍል የተከራየው ናሁሰናይ የሚባል የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። አትጠገብ ገና ሳትጠይቀው ላብ አጠመቀው።

«ቤቱን እንድለቅለት ነግሮኝ ነበር፤ ቅር ብሎኛል፤ አልዋሽም። ግን ሰው አልገደልኩም! ከክፍሌ አልወጣሁም፤ ኳስ በስልኬ እያየሁ ነበር። ወንድሜ ደገሀቡር ነው፤ ትልቁን ፓኬጅ አስገብቷል። የይለፍ ቃሉን ሰጥቶኝ ነው የማየው።»

«ሰፈሩን ያስጮኸው ጎል እንዴት ነበር?»

«ምኑን አየሁት!» ፍርሃቱን ረስቶ ተንጨረጨረ። «ማዶ ያለው ኳስ ቤት በዲሽ ነው የሚያሳየው። እነሱ ‹ጎል!› ብለው ሰፈሩን ሲያናውጡት እኔ ስልክ ላይ ኳሷ ገና መሃል ሜዳ ናት። በኢንተርኔት የሚመጣው ሁልጊዜ ከዲሹ ኋላ ነው። እንኳን ልደሰት፣ አንጀቴ ነው ያረረው።»

አትጠገብ ፈገግ ማለት ከጀላት፤ ሬሳው ትዝ ሲላት ተወችው።

ከግንቡ ማዶ ያለው ቤት የአቶ ሱጉሌ ነው፤ የእህልና የዘይት ጅምላ ነጋዴ፣ በሰፈሩ የተከበረ ሽማግሌ። ለወንድ ሐዘንተኞች ሰፊውን ሳሎኑን ከፍቶላቸዋል። በሩ ላይ ሸበጥና ነጠላ ጫማ ተቆልሏል። አትጠገብም ጫማዋን አውልቃ ገባች።

«ወንድሜ ነበር» አለ ሱጉሌ ዓይኑን በፎጣ እየጠረገ። «ቲቪዬ እንኳ ከእሱ ሪሲቨር በተሳበ ገመድ ነው የሚሠራው። ሂቦ የከፈተችውን ነው የማየው።»

«ዛሬ ከምሳ በኋላስ ምን አዩ?»

«ሂቦ ድራማዋን ከፍታ ነበር፤ ስለዚህ ኳሱን በስልኬ አየሁ። ከዐብዲረዛቅ ፓኬጅ ጋር የሚመጣ አፕ አለ አይደል? እሱ ራሱ ነው ስልኬ ላይ የጫነልኝ፤ ‹ኳሱን በዚህ እይ› ብሎ።»

«ጎሉን አዩት?»

«እንዴት አላየው! ሰፈሩ ሲጮህ እኔም አብሬ ከመቀመጫዬ ዘለልኩ።»

«ዐብዲረዛቅንስ?»

«በመስኮት አየሁት፤ መፍቻ ይዞ መሰላሉን ሲወጣ። ‹ነፋሱ ዲሹን አዛባብኝ› አለኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወዲያው ዴቅ በግቢው በር ሲገባ አየሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ልናገር አልፈለግሁም ነበር።»

አትጠገብ አመስግናው ወጣች። በሩ ላይ ጫማዋን ስታጠልቅ ግን የሸበጡን ክምር ቆም ብላ አየችው። ከዚያ ኢልዋድን ጠርታ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። ኢልዋድ ወንበር ስቦ እዚያው በር ላይ ተቀመጠ፤ እስከ ማግስቱም አልተነሳም።

«ለምን ዛሬውኑ አንይዘውም?» ብሏት ነበር።

«እኔ ባውቀው ምን ዋጋ አለው? ደሙን የሚያበርዱት ሽማግሌዎቹ ናቸው። በዓይናቸው ይዩት።»

እሑድ ጠዋት ነፋሱ ጭራሽ ብሶበት ነበር። የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች በሱጉሌ ሳሎን ግራና ቀኝ ተቀመጡ፤ ማንም ማንን አያይም። የሟች ወንድሞች ዓይናቸውን በካቴና የታሰረው ዴቅ ላይ ተክለዋል። ሂቦ በሩ አጠገብ ናት፣ ናሁሰናይ ጥግ ይዟል። አትጠገብ መሃል ላይ ቆመች።

«አባቶቼ፣ ከሶላት በፊት እጨርሳለሁ። ዐብዲረዛቅ ከጣሪያ አልወደቀም፤ ጣሪያም አልወጣም። የለበሰው ሽርጥ ነው። በሽርጥ ጣሪያ ወጥቶ እንደማያውቅ ሚስቱ ብቻ ሳትሆን እናንተም ታውቃላችሁ።»

አንድ የሟች ወንድም ሳይወድ ራሱን ነቀነቀ።

«ደግሞስ ምን ሊሠራ ይወጣል? የሂቦ ድራማ አልተቋረጠም፤ ዲሹም አልተዛባም። እንግዲህ ‹ነፋሱ ዲሹን አዛባብኝ ሲል ሰማሁት› ያለን ሰው ያልተባለ ነገር ነው የሰማው። አቶ ሱጉሌ፣ ስልክዎን ያውጡልኝ። ትናንት ኳስ ያዩበትን አፕ ይክፈቱት።»

ሱጉሌ ስልኩን አወጣ። አፑን ከፈተ። ፊልም፣ ድራማ፣ የልጆች ካርቱን። ጣቱን ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ታች ገፋ። ፊልም፣ ድራማ፣ ካርቱን።

«ኳሱ የታለ?»

«ትናንት... ትናንት ነበር።»

«ትናንትም አልነበረም፤ ኖሮበትም አያውቅም። የዐብዲረዛቅ ፓኬጅ መካከለኛው ነው። ከመካከለኛው ጋር የሚመጣው የፊልም አፕ ብቻ ነው። ኳስ በቀጥታ በስልክ የሚታይበት አፕ የሚመጣው ከትልቁ ጋር ነው። ከየት አወቅሽው ካላችሁኝ፣ አምና ለባሌ ይኼንኑ መካከለኛውን ገዝቼለት ‹ኳሱስ?› እያለ ሲያላግጥብኝ ከርሟል። ናሁሰናይ ኳሱን በስልኩ አይቷል፤ ጎሉ ዘግይቶ ስለደረሰው እስካሁን ይናደዳል። እርስዎ ግን ከሰፈሩ ጋር እኩል ዘለልኩ አሉኝ። የሰሙት ጩኸቱን ነው እንጂ ኳሱን አላዩም።»

«አለበት ብሎኛል!» ሱጉሌ ሳያስበው ጮኸ። «ዴቅ ነው ኳስም አለበት ያለኝ!»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ ሱጉሌ ዞሩ።

«ትናንት ‹ዐብዲረዛቅ ራሱ ነገረኝ› ብለውኝ ነበር» አለች አትጠገብ በዝግታ። «እሱ የሌለበትን አለበት እንደማይል አውቅ ነበር። ያን ጠዋት ከዴቅ ጋር የተጣሉትም በዚሁ ነው። አሁን አባቶቼ፣ ሁላችሁም ውጡና ጫማችሁን አጥልቁ። እርስዎም፣ የቤትዎ ሰዎችም ጭምር።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ግን ተነሱ። በሩ ላይ ትርምስ ሆነ፤ እያንዳንዱ የራሱን እየፈለገ አጠለቀና ወደ ግቢው ወረደ። ክምሩ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ አለቀ። አንድ ጥንድ ሸበጥ ብቻ ባለቤት አጥቶ ቀረ። የአንደኛው ማሰሪያ በጥቁር የዲሽ ገመድ ተጠግኗል።

ሂቦ ጮኸች። ጎንበስ ብላ ሸበጡን አነሳችና ደረቷ ላይ አጣበቀችው።

«ሌላ ቀን ረስቶት ይሆናል!» አለ ሱጉሌ።

«ሌላ ቀን?» ሂቦ ዞረችበት። «ትናንት ከምሳ በኋላ እፊቴ ተቀምጦ የጠገነው ነው! አንተ ቤት በሸበጡ ገብቶ በባዶ እግሩ ወጣ?»

በዚህ መሃል ኢልዋድ ከጓሮው መጋዘን የዘይት ቆርቆሮ ተሸክሞ መጣ። «አይሸጥም» የሚል ተጽፎበታል፤ ለድርቅ ተጎጂዎች በእርዳታ የመጣ ዘይት ነው። «ጓሮው እንዲህ ባለ ተሞልቷል» አለ። «ከቆርቆሮዎቹ ሥር ወለሉ ላይ ዘይትና ደም አለ።»

«ሐሙስ ዕለት ገመድ ሊያስተካክል ጣሪያዎ ላይ ወጥቶ ይህን አየ» አለች አትጠገብ። «ለሰው ከመናገር ይልቅ ለእርስዎ ነገረዎት። ትናንት መልስዎን ሊሰማ መጣ። እንደ ጎረቤት፣ በሽርጡ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ። ሬሳውን መተላለፊያው ውስጥ የጣሉት፣ መሰላሉንና መፍቻውን ያዘጋጁት ከጣሪያ የወደቀ እንዲመስል ነው፤ ሸበጡን ግን በር ላይ ረሱት።»

ሱጉሌ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «‹ዘይቱን ዛሬ መልስ፣ አለዚያ ለሽማግሌ እናገራለሁ› አለኝ። ስሜ... የስንት ዘመን ስሜ። ዞር ሲል... ማጅራቱን መታሁት።»

ካቴናው ከዴቅ እጅ ወጥቶ ሱጉሌ እጅ ላይ ገባ። ከሟች ወንድሞች ታላቁ ወደ ዴቅ ቀረበ። ሰውየው ጃኬቱን አወለቀና በተቀደደው ሸሚዝ ላይ ደረበለት። ዙህር ሲደርስ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ዴቅ ነበር። መንገዱን በሙሉ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከሳምንታት በኋላ ሱቁ ተከፈተ። ከአይሻ ከተማ የመጣ ነጋዴ ገብቶ መካከለኛውን ፓኬጅ ጠየቀ።

«ከዚህ ጋር ኳሱም በስልክ ይመጣል፣ አይደል?»

ዴቅ መልሱን ያውቀዋል፤ ሰውየው መስማት የሚፈልገውንም ያውቃል። መደርደሪያው ላይ ያቺ በገመድ የተጠገነች ሸበጥ ተቀምጣለች።

«አይመጣም» አለ። «ፊልም ብቻ ነው።»

ሰውየው ከንፈሩን መጦ ወደ ሌላ ሱቅ ሄደ። ሂቦ ከሱቁ ጓዳ መጋረጃ ኋላ ሆና ሰምታው ነበር። ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።