በቀትር «እንብላ» ያለው ሰው

ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺ በሩ ጋ ያለሽው፣ ወደ ውስጥ ግቢ።

ጋኔን የሚወጣው በጨለማ ብቻ ይመስላችኋል? ተሳስታችኋል። ቀትር አለ። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ውሻ እንኳ ከጥላ ሥር የማይነቃነቅበት ሰዓት አለ። ይሄ ነገር የሆነው በዚያ ሰዓት ነው።

ድሮ ነው። ቢተው የሚባል የገጠር ሰው ነበር። እህቱ ውዴ ትልቁ ከተማ ተድራ ትኖራለች። ሊጠይቃት ሄደና ከተማው ልቡን ወሰደው። ቅመም ተራን አየ፣ ሸማ ተራን አየ፣ የአረቦቹን ሰፈር አየ። ሙሸበክ በላ፣ ሳምቡሳ በላ። ያላየሁት ሰፈር፣ ያልቀመስኩት ምግብ አይቅር ብሎ እግሩ እስኪያብጥ ዞረ።

«ዙር ወንድምዓለም» አለችው ውዴ፣ «ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ቅያስ በቀትር ብቻህን እንዳትሄድ።»

«ምን አለ እዚያ?»

«እኔ እንጃ። ሰው ብቻውን አይሄድበትም።»

እንዲህ ተብሎ የሚቀር ሰው አለ? እናንተ ትቀሩ ነበር? ቢተውም ሄደ።

ቅያሱ ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥር። ሄደ፣ ሰው የለም። ሄደ፣ ሰው የለም። ከዚያ የወጥ ሽታ መጣ። ቀጥሎ የሳህን ድምፅ መጣ። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ አጥር ሥር ተቀምጦ ብቻውን ሲበላ አየ።

«እንብላ» አለው ሽማግሌው።

እናንተ ምን ትላላችሁ? ከተሜ «ብሉ» ይልና ያልፋል። ቢተው ግን ባላገር ነው። በሱ አገር ሽማግሌ ብቻውን ሲበላ ትቶ ማለፍ ነውር ነው። ተቀመጠ። በላ። ወጡ ጨው የለውም። በላ። ገበታው አይጎድልም። ሽማግሌው አጎረሰው፤ ጣቱ እንደ ጉድጓድ ውኃ ይቀዘቅዛል። ቢተውም በተራው ሊያጎርሰው እጁን ወደ አፉ አስጠጋ። ትንፋሽ የለም።

ሊነሳ ሞከረ። እግሩ እምቢ አለው።

የተነሳው ሽማግሌው ነው። ወገቡን አፍታታ። «እግዜር ይስጥህ ልጄ። እኔንም እንዲሁ ነው ያስቀመጡኝ። ‹እንብላ› ስትለው ቁጭ ብሎ የሚቀምስልህ ሰው ያገኘህ ቀን ትነሳለህ። እስከዚያ ብላ።» ይህን ብሎ ቢተው ዓይኑ እያየ ጠፋ።

ቢተው ጮኸ። ድምፁ አይወጣም። የሚወጣለት ያች «እንብላ» የምትለው ቃል ብቻ ናት።

ኮቴ ሰማ። ቃሉን ሊላት አፉን ከፈተ። ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ውዴ። ቀረብኝ ብላ ፍለጋ ወጥታ ነው። እሷም የባላገር ልጅ ናት፣ እንብላ ካላት ትቀመጣለች። ይህን ያውቃል።

አፉን ዘጋ። ጀርባውን ሰጣት። ገበታውን ወደ ጉያው ሳበና እየተስገበገበ ብቻውን በላ።

«ከእኔ ነው የምትሸሽገው? ከእህትህ?» አለች ውዴ። እያለቀሰች ጥላው ሄደች። ማታም ሳይመጣ ሲቀር አፍሮ አገሩ ገባ አለች። እስክትሞት ተቀይማው ኖረች። ምን ያህል እንደወደዳት አላወቀችም። እኔን ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ቢተው እስከ ዛሬ እዚያው ነው። እናንተ ከተማ ስትሄዱ፣ ዙሩ፣ ብሉ፣ እዩ። በቀትር ግን ብቻችሁን አትሂዱ። ለእህቱ አፉን ዘግቷል። እናንተ እህቶቹ አይደላችሁም።