ባሕሩን የዘጋችው ልጅ

ሙዝና የምትባለዋ ተማሪ ኦክቶፐሷ የጠፋችባት ሻይ ልትጠጣ ወጥታ በተመለሰችበት ቅጽበት ነው።

በባሕር ሳይንስ ተቋሙ ላቦራቶሪ ጥግ ላይ ያለው ገንዳ በእሷ ኃላፊነት ሥር ነበር። ጠዋት ኦክቶፐሷን መግባ ስታበቃ ክዳኑን ሳትጭን ወጣች። ስትመለስ ውሃው አለ፤ የተጣለላት ሸርጣን አለ፤ ባለ ስምንት እጇ እንስሳ ግን የለችም። እርጥብ መስመር ወለሉን አቋርጦ ወደ ኮሪደሩ ወጥቷል። ሙዝና ተንበርክካ በየጠረጴዛው ሥር ስትፈልግ ከበሩ በኩል የወንድ ድምፅ ሰማች።

«ይቺ ያንቺ ናት?»

ቀና አለች። አንድ ረጅም ልጅ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ቆሟል። ኦክቶፐሷ ክንዱ ላይ ተጠምጥማለች።

«የት አገኘሃት?»

«ለሶላት ልታጠብ ቧንቧው ጋ ስሄድ ቀድማኝ ደርሳ ነበር።»

ለሁለት ሆነው ሊያላቅቋት ሞከሩ። አንዱን እጇን ሲያነሱት ሌላው ይጣበቃል፤ የእሱን ክንድ ስትለቅ የሙዝናን ጣት ትይዛለች። መጨረሻ ላይ ገንዳው ውስጥ ስትገባ ሁለቱም በሳቅና በጨው ውሃ ርሰው ነበር። ልጁ ፓንዱ ይባላል። በአንድ ግቢ ሲማሩ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው፤ እስከዚያ ቀን ግን ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

ሙዝና የዛንዚባር ከተማ ልጅ ናት። አባቷ ኮፍያ ላይ ጥልፍ የሚሠሩ ናቸው፤ ከቤታቸው ሰገነት ላይ ባሕሩ ይታያል እንጂ ዩኒቨርሲቲ እስክትገባ እግሯን ነክራበት አታውቅም። ፓንዱ በምሥራቁ ዳርቻ ካለች ምዋምባኒ ከምትባል መንደር ነው የመጣው። እናቱ ባሕሩ ሲሸሽ ከውሃው ሥር በሚገለጠው የኮራል ዐለት ላይ እየሄዱ፣ በቀጭን ብረት ከየጉድጓዱ ኦክቶፐስ የሚያወጡ ሴት ናቸው፤ እሱንም ያሳደጉት በዚሁ ነው።

የሙዝና የመመረቂያ ጥናት ስለ ኦክቶፐስ ስለሆነ አስተማሪዋ ዶክተር ምቻ ኦክቶፐስ የምትለኪበት መንደር ፈልጊ አሏት። ፓንዱ ይህን ሲሰማ ሳትጠይቀው የእኛ መንደር አለልሽ አለ። እሱ የሚያጠናው የውሃ ሞገድ ነበር፤ የኦክቶፐስ ጉዳይ አይመለከተውም። የሙዝና ጓደኞች ይህን ጉዳይ እያነሱ ብዙ ቀን ሳቁባት።

ከዚያ ወዲያ ባሕሩ በጣም በሚሸሽባቸው ቀኖች ዳላዳላ ተሳፍረው አብረው ይሄዱ ጀመር። መኪናው ሰው፣ ሩዝና ዶሮ አንድ ላይ አጭቆ በኮኮናት ዛፎች መሃል እየዘለለ ይሄዳል። መጀመሪያ ስለ ትምህርት ያወሩ ነበር። ቆይተው ስለ ሁሉ ነገር። ከዚያ ደግሞ ምንም ሳያወሩ ቢደርሱም መንገዱ አጭር ይሆንባቸው ጀመር።

ዳርቻው ላይ ሙዝና ሚዛን ይዛ ትቀመጣለች፣ ሴቶቹ የያዙትን እያመጡ ያስመዝናሉ፣ ፓንዱ ይጽፋል። አንድ ቀን ክብደቱን ነግራው ዞር ስትል ብዕሩ ቆሟል።

«ጻፍከው?»

«ምኑን?»

«ክብደቱን ነዋ። ሦስቴ ነገርኩህ።»

«አራተኛ ብትደግሚልኝ ምናለበት» አለ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል። «ድምፅሽን ሰማሁ፤ ቁጥሩን ግን አልሰማሁትም።»

ሙዝና ፊቷን በተከናነበችው ካንጋ ጫፍ ሸፈነችና ቁጥሩን ለአራተኛ ጊዜ ነገረችው።

የፓንዱን እናት መንደሩ ሁሉ ቢ ታቱ ነው የሚላቸው። ሙዝናን «የከተማዋ ልጅ» እያሉ ይጠሯታል። ከሥራ በኋላ በኮኮናት ወተት የተሠራ ኦክቶፐስና ካሳቫ ያቀርቡላታል፤ ትንሽ ከበላች ሚዛንሽን አምጪና አንቺን እንመዝንሽ እያሉ ይቀልዱባታል። ልጃቸው ልጅቷን እንዴት እንደሚያያት አይተዋል፤ ግን ምንም አላሉም። ፓንዱም እንደተመረቀ አባቷ ዘንድ ሽማግሌ እንደሚልክ ለሙዝና ነግሯት ነበር።

ችግር የመጣው ቁጥሮቹ ተሰብስበው ሲታዩ ነው። የምዋምባኒ ኦክቶፐስ በየጊዜው እያነሰ ነበር፤ አብዛኞቹ ዘር ሳይተኩ ነበር የሚያዙት። ዶክተር ምቻ ውጤቱን አይተው፣ ዐለቱ ለተወሰኑ ወራት ቢዘጋ እንስሶቹ ያድጋሉ፤ ይህን ለመንደሩ አንቺው ራስሽ ንገሪ አሏት።

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነበር። የመንደሩ ሹም ከፊት፣ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል ተቀመጡ። ሙዝና ቀስ ብላ ጀመረች፤ እየቆየች ድምፅዋ ጸና። ስትጨርስ ቢ ታቱ ተነሡ።

«ልጄ ብዬ ከማድጋዬ ውሃ ቀዳሁልሽ» አሉ። አልጮኹም። «ከሳህኔ በላሽ። ለካ ስትለኪ የነበረው ጉሮሮዬን ነው።»

ሙዝና በወንዶቹ በኩል ወደተቀመጠው ወደ ፓንዱ አየች። ግድግዳው ላይ የተለጠፉት ቁጥሮች ሁሉ በእሱ እጅ የተጻፉ ናቸው። አብሬያት ነበርኩ ቢል ይበቃት ነበር። እሱ ግን ወለሉን ያይ ነበር።

ሹሙ ድምፅ ይሰጥ አለ። እጆች ወጡ፤ ባሕሩ ይዘጋ ተባለ።

መኪና በሚጠበቅበት ዛፍ ሥር ፓንዱ ደረሰባት።

«ለምን ዝም አልክ?» አለችው።

«እናቴ ናት ሙዝና። ሰው ፊት ምን ልበላት?»

«ተጣላት አላልኩህም። አብረን ነው የሠራነው ማለት ያቅታል?»

ፓንዱ በእግሩ አሸዋውን ጫረ።

«እሷ እናትህ ናት። እኔስ ማንህ ነኝ?»

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየች፤ ቃል ግን አልወጣውም። ዳላዳላው ሲመጣ ብቻዋን ተሳፈረች።

በኋላ ደጋግሞ ደወለላት፤ አላነሳችም። መንደሩ «ባሕሩን የዘጋችው ልጅ» የሚል ስም እንዳወጣላት ሰማች። ቀን ላቦራቶሪ ትውላለች፤ ማታ ትራሷን በእንባ ታርሳለች።

የጥናቱን የመጨረሻ ገጽ ስትጽፍ «መንደሩ ተስማማ» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ያን ቀን የወጡትን እጆች በዓይነ ሕሊናዋ አየቻቸው። የወንዶች እጆች ነበሩ፤ ጀልባ ያላቸውና ዐለቱ ቢዘጋ ርቀው የሚያጠምዱ ወንዶች። ሴቶቹ እጃቸውን ከካንጋቸው ውስጥ አላወጡም። ቢ ታቱ ባሕሩ ተዘግቶ ምን እንደሚበሉ አንድም ሰው አልጠየቃቸውም፤ እሷም ጭምር።

ዶክተር ምቻ ቢሮ ገብታ ምክሬን ልለውጥ ነው አለቻቸው። የዐለቱ ሰሜናዊ ግማሽ ብቻ ይዘጋ፣ ደቡቡ ለሴቶቹ ይከፈት። እሳቸው ውጤቱን ያሳንሰዋል ብለው ተከራከሩ። እሷም፣ ሙሉውን ዘግተን በስርቆት ከሚያልቅ፣ ግማሹን ሰው አምኖበት ቢጠብቀው ይሻላል አለች። ዶክተሩ ጢማቸውን እያሻሹ ጥቂት አሰቡና፣ ሄደሽ ለሴቶቹ ንገሪያቸው፣ ግን ሰው አላስከትልልሽም አሏት።

ቢ ታቱን ከቤታቸው ጀርባ አገኘቻቸው። በጭቃ ውስጥ የከረመ የኮኮናት ልጣጭ በዱላ እየወቀጡ ቃጫ ያወጣሉ። እጃቸው ተላልጧል።

«ደግሞ ምን ልትለኪ መጣሽ?»

«ምንም። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት እማማ።»

«ለቁጥሩ?»

«ቁጥሩስ እውነት ነው። እርስዎን ሳልጠይቅ በእርስዎ እንጀራ ላይ በመፍረዴ ነው።»

ቢ ታቱ መውቀጣቸውን አላቆሙም። ቆይተው ግን አጠገባቸው የነበረውን ትርፍ ዱላ በእግራቸው ገፋ አደረጉላት። ሙዝና ተቀመጠችና መውቀጥ ጀመረች፤ እየወቀጠችም ስለ ግማሹ ዐለት አስረዳቻቸው። አሮጊቷ ጠየቁ፣ ተቃወሙ፣ እንደገና ጠየቁ። ቀስ በቀስ ድምፃቸው ለዘበ።

«ሰውዬሽ ያደረገውን ሰምተሻል?» አሉ በመሃል።

«የትኛው ሰውዬ?»

«ሌላም አለሽ እንዴ?» ቢ ታቱ ዱላቸውን አስቀመጡ። ፓንዱ ከስብሰባው በኋላ በነበረው ዓርብ፣ ሶላት አልቆ ሰው ሲወጣ፣ መስጊዱ በር ላይ ቆሞ መናገሩን ነገሯት። ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ልጅቷን የምትሰድቡ መጀመሪያ እኔን ስደቡ ብሎ ነበር። ሰዎቹም የዋዛ አልነበሩም፤ ሰደቡት። እናቱም ብዙ ቀን አኮረፉት፤ ሩዙን አቅርበውለት ጀርባቸውን ይሰጡት ነበር። እሱ ግን ባሕሩ ከተዘጋ ጀምሮ እናቱ ባዶ እጃቸውን እንዳይውሉ ከአጎቱ ጋር በሸራ ጀልባ ዓሣ ለማጥመድ ይወጣል።

ሙዝና ወደ አሮጊቷ ዞረች።

«ለምን አልነገረኝም?»

«ስልኩን ታነሺለታለሽ?»

ሙዝና አንገቷን ደፍታ መውቀጧን ቀጠለች።

«ትወጂዋለሽ?» አሉ ቢ ታቱ ድንገት።

የሙዝና ዱላ ልጣጩን ስቶ አውራ ጣቷ ላይ አረፈ።

«በቃ ገባኝ» አሉ ቢ ታቱ፣ ጣቷን ይዘው እፍ እያሉላት።

ፓንዱ የመጣው ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነው። ፀሐይ አጥቁሮታል፤ ዓሦች በገመድ ሰክቶ ይዟል። ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያይ በቆመበት ቀረ። ቢ ታቱ ማድጋቸው ሞልቶ እየታየ ውሃ ልቀዳ ብለው ወደ ቤት ገቡ።

«ያን ቀን ለጠየቅሽኝ መልስ ነበረኝ» አለ ፓንዱ። «ፈርቼ ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እፈራለሁ። ዝም ማለቱ ግን ከፍርሃቱ በላይ አቃጠለኝ። የኔ ነሽ ሙዝና። እናቴም ፊት፣ መንደሩም ፊት፣ አባትሽም ፊት እለዋለሁ።»

«እኔ ሰምቻለሁ» አሉ ቢ ታቱ ከግድግዳው ጀርባ። «ለመንደሩና ለአባቷ ንገር።»

ሁለተኛው ስብሰባ ሲጠራ ሴቶቹ ከፊት ተቀመጡ። ክርክሩ ረጅም ነበር፤ ቢ ታቱም ከሙዝና ጋር ጭምር ተከራከሩ። በመጨረሻ ሰሜኑ ተዘጋ፣ ደቡቡ ተከፈተ። በተዘጋው በኩል የሰረቀ አልጠፋም፤ ጠባቂዎቹ ግን አሁን ሴቶቹ ራሳቸው ስለነበሩ ሌባው ሁለተኛ አይሞክርም ነበር። ፓንዱና ሙዝና በዚህ መሃል ተመረቁ።

ሰሜኑ በተከፈተ ቀን መንደሩ ሁሉ ወደ ባሕር ወረደ። ሙዝና ከእንቅልፍ እጦት ዓይኗ ቀልቶ ከሚዛኑ አጠገብ ቆማ ጠበቀች። አንዳንዷ ሴት እንደ ወትሮው ትንንሹን ይዛ ተመለሰች፤ አንዳንዷ ግን ከሸክሟ ክብደት ትከሻዋ ጎብጦ ነበር። ቢ ታቱ በሕይወታቸው ከያዟቸው ሁሉ የምትበልጥ አንዲት ይዘው መጡ። አስመዝነው፣ ቁጥሩን ሰምተው፣ ዕድል ነው አሉና ሄዱ። ከዚያ በኋላም መንደር ውስጥ መዝጋቱ ጠቀመ ብለው አንድም ቀን አላመኑም።

የፓንዱ ሽማግሌዎች ወደ ከተማ በሄዱ ቀን ቢ ታቱም አዲስ ካንጋ ለብሰው አብረው ሄዱ። የሙዝና አባት እንግዶቹን በክብር ተቀበሉና ረጅም ነገር ካወጉ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ልጄ ብታገባም ከዚህ በላይ መማሯን እንዳትተውብኝ አሉ። ሽማግሌዎቹ መልስ ሳይሰጡ ቢ ታቱ ቀደሙ።

«ምን ነካዎት? ይቺ ልጅ እኮ ባሕራችን ውስጥ ኦክቶፐስ አሳድጋለች። ይህን የምታህል!» አሉና ሁለት እጃቸውን እስከሚችሉት ዘረጉ።

ሙዝና ከመጋረጃው ጀርባ እያጮለቀች ሳቋን ለማፈን ካንጋዋን ነከሰች። ያችን ኦክቶፐስ የመዘነቻት እሷ ራሷ ናት፤ ቢ ታቱ በእጃቸው ያሳዩት ከእጥፍ ይበልጣል። ልኬት ሲሳሳት እያየች ዝም ስትል ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።